ጉድለቱ በምን ተሞላ?

በአንድ ባንክ የዓለም አቀፍ ንግድ አገልግሎት ክፍል ውስጥ 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠጉሬ የሸበተው የላኪዎችን ሰነድ ስመረምርና የአስመጪዎችን ኤልሲ (ባንኩ ለውጭው ሻጭ እንደሚከፈለው ዋስ የሚሆንበትን ሰነድ) ስከፍት ነው። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ወጪና ገቢ ንግድ ሚዛን ስለሆነ፣ ዓምዱን ሙሉ ለሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። በ2017 በጀት ዓመት የወጪ ንግዳችን ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ፣ ከቀደመው ዓመትም ከእጥፍ በላይ አደገ ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ዛሬም ዶላር የማገኘው በውድ ነው፤ የአንድ ፍሬን ሸራ ዋጋ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አይገናኝም። ያ ሁሉ ዶላር የት ገባ? (ነጋዴው፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የት እንደ ገባ ለማወቅ መጀመሪያ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አለብን። በ2016 በጀት ዓመት ወደ ውጭ የላክነው ዕቃ ያስገኘው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከ8 ቢሊዮን አለፈ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ዝላይ አይቼ አላውቅም፤ እውነት ነው፣ ትልቅ ነገር ነው።

ቡናውን እንመልከት። በ2016 የላክነው 300 ሺህ ቶን ያህል ሲሆን ገቢው 1.43 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2017 መጠኑ ወደ 470 ሺህ ቶን፣ ገቢው ወደ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ሁለቱን ቁጥሮች አካፍለው ቢያዩ የአንድ ኪሎ አማካይ ዋጋ ከ4 ዶላር ከ80 ሳንቲም አካባቢ ወደ 5 ዶላር ከ65 ሳንቲም አካባቢ ነው የወጣው። ስለዚህ የገቢው ዕድገት በአመዛኙ የመጣው ከዋጋው ሳይሆን ከብዛቱ ነው።

እኔ ደግሞ የቡና አቅራቢ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት አጋሮ ነው። አባቴ የተከለው ችግኝ የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ሲጠብቅ አይቻለሁ። የአንድ አገር የቡና ዛፍ በአንድ ክረምት ምርቱን በግማሽ አይጨምርም። ታዲያ ያ 170 ሺህ ቶን ከየት መጣ? በእኔ ግምት አብዛኛው ድሮም ነበረ። ከፊሉ መጋዘን ውስጥ ሆኖ የተሻለ ቀን ይጠብቅ ነበር፤ ከፊሉ ሌሊት ሌሊት በድንበር ይወጣ ነበር። የጉምሩክ መዝገብ አያውቀውም እንጂ ቡናውስ ነበረ።

ወርቁ ይህንኑ አጉልቶ ያሳያል። በ2016 የተላከው ወርቅ 4 ቶን ገደማ ነበር፤ በ2017 ከ35 ቶን በላይ ሆነ። ተራራው ያው ተራራ ነው፤ አሸዋ የሚያጥበው ሰውም ያው ሰው ነው። የዓለም ዋጋ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በአውንስ ከ3 ሺህ ዶላር ማለፉ ረድቷል። ዋናው ነገር ግን የምንዛሪው ለውጥ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ዓመት ሳይሞላው 130ን ተሻገረ። ከዚያ በፊት ወርቅ አምራቹ ለባንክ ቢሸጥ በኦፊሴሉ ምንዛሪ ይቀበላል፤ ድንበር ላይ ግን እጥፍ የሚከፍለው ነጋዴ ቆሞ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ ሲጠብ ወርቁ መንገዱን ቀየረ።

እንግዲህ ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። ያ በድንበር ይወጣ የነበረ ወርቅና ቡና ድሮም ዶላር ያመጣ ነበር። ዶላሩ ዱባይ ይቆይና በጥቁር ገበያ ይሸጥ ነበር፤ ዕቃም ሆኖ ይገባ ነበር። ምናልባት እርስዎ በ2014 ከሱቅዎ የሸጡት መለዋወጫ የተገዛው በዚያው ዶላር ሊሆን ይችላል። አሁን ከጎዳና ወደ ባንክ ገባ። ባንኩ ውስጥ የነበረው ጨመረ፤ በአገሩ ሁሉ የነበረው ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ለዚህ ነው ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን የእርስዎ ኑሮ እጥፍ ያልቀለለው።

ስለ ድሮው አሠራር አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት ነው። አንድ ላኪ የቡና ሽያጭ ውላቸውን ሊያስመዘግቡ ወደ መስኮቴ መጡ። የአባቴን ሥራ የወረሰው ወንድሜ አጋሮ ስላለ የአገር ውስጡን ዋጋ በየቀኑ እሰማ ነበር። የውሉን ዋጋ በባንኩ ምንዛሪ መትቼ ሳየው ቡናው እዚህ ከተገዛበት በታች ነው። እንደገና መታሁት፤ ያው ነው። "ጋሼ፣ እየከሰሩ ነው እኮ" አልኳቸው። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቡናው ያከስራል፣ ጎማው ይክሳል" አሉኝ። በቡናው ያገኙትን ዶላር የጭነት መኪና ጎማ ያስመጡበታል፤ ጎማውን የሚሸጡት ግን በጥቁር ገበያው ዋጋ አስልተው ነው። የቡናውን ኪሳራ የመኪናው ባለቤት ጎማ ሲገዛ ከፈለላቸው። እሱ በኪራዩ ላይ ጨመረ። ኪራዩ ደግሞ ከጎጃም በመጣው ጤፍ ላይ ተጨመረ። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ብዙ አልፈውብኛል። ሁሉም በሪፖርቱ ላይ "ወጪ ንግድ አደገ" ተብለው ተቆጥረዋል። ያን ጊዜ ያደገው ቁጥርና የዛሬው ቁጥር በዓይነት ይለያያሉ፤ የዛሬው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ላኪ ሆን ብሎ እንዲከስር የሚገፋው ነገር በእጅጉ ቀንሷል።

አሁን ወደ "የት ገባ" እንምጣ። ላኪው ካገኘው ውስጥ ግማሹን በራሱ ሒሳብ እንዲያቆይ ስለተፈቀደለት ያንን ለራሱ ገቢ ዕቃ አዋለው። የወርቁ ዶላር የሚገባው ወደ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያው ከአንድ ወር የገቢ ዕቃ በታች ወርዶ ስለነበር መጀመሪያ ባዶውን ጎተራ መሙላት ነበረበት። ነዳጅ ብቻውን በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ይወስዳል። ማዳበሪያ አለ፤ መድኃኒት አለ። ገቢ ዕቃችን ከለውጡ በፊት በነበሩት ዓመታት በየዓመቱ 17 እና 18 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ሲሽከረከር ነበር። ከዚያም በላይ በ2015 መጀመሪያ ኤልሲ እንዳይከፈትላቸው የታገዱ 38 ዓይነት ዕቃዎች በሐምሌ 2016 ሲፈቀዱ፣ ሁለት ዓመት ገደማ የታመቀ ፍላጎት በአንድ ጊዜ ወደ ባንክ መጣ። እርስዎ የተሰለፉት ከእነዚህ ሁሉ ጋር ነው።

መጠኑ እንዲታይዎት በቡና እንቁጠረው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ይይዛል፤ 19 ሺህ 200 ኪሎ መሆኑ ነው። በ2017 አማካይ ዋጋ ሲመታ 108 ሺህ ዶላር ገደማ ይሆናል። ነዳጅ በሊትር 70 የአሜሪካ ሳንቲም ነው ብንል፣ 45 ሺህ ሊትር የሚጭን አንድ ቦቴ 31 ሺህ 500 ዶላር ይፈልጋል። ስለዚህ ስንት ገበሬ የለቀመው፣ ስንት እናት በእጇ የመረጠችው አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ቡና ሦስት ቦቴ ተኩል እንኳ አይሞላም። በታኅሣሥ 2016 አገራችን ሳትከፍል የቀረችው የዩሮ ቦንድ (ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተወሰደ ብድር) ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚሁ ስሌት ከ300 በላይ ኮንቴይነር ቡና ማለት ነው። ያን ዜና የሰማሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥያቄ፦ ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። በየወሩ ለእናቴ ገንዘብ እልካለሁ። ጓደኞቼ "እኛ የምንልከው ከቡና ይበልጣል" ይላሉ። እውነት ነው? የእኛስ ገንዘብ በወጪ ንግድ ይቆጠራል? (እህታችሁ፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። ግለሰቦች ከውጭ የሚልኩት ገንዘብ ተደምሮ ሲታይ ለብዙ ዓመታት ከቡና ገቢ በልጦ ኖሯል። በወጪ ንግድ ግን አይቆጠርም። የንግድ ሚዛን የሚባለው የሚቆጥረው ጉምሩክ የሚያልፍ ዕቃን ብቻ ነው። ያንቺ ድካም የሚመዘገበው የክፍያ ሚዛን በሚባለው ሰፊ መዝገብ ውስጥ፣ "የግል ዝውውር" በሚል ርዕስ ሥር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለውጭ ተሳፋሪ የሚሸጠው ትኬትም እንዲሁ በዕቃው ሚዛን ውስጥ የለም፤ በአገልግሎት ይመደባል። የንግድ ጉድለታችን፣ ማለትም ገቢ ዕቃችን ከወጪ ዕቃችን የበለጠበት ልክ፣ ይህን ያህል ቢሊዮን ሆነ ሲባል ስትሰሚ ሁልጊዜ "ጉድለቱ በምን ተሞላ?" ብለሽ ጠይቂ። የሞላውን ስትፈልጊ አንቺን ታገኚያለሽ። ብድር ታገኚያለሽ፤ ዕርዳታ ታገኚያለሽ፤ የውጭ ባለሀብት ያመጣውም አለበት። ከዕርዳታው በቀር ከእነዚህ ሁሉ መካከል ወለድ የማይታሰብበት፣ ተመላሽ የማይጠየቅበት፣ ትርፍ ተብሎ ወደ ውጭ የማይወጣው ያንቺ ነው። ስለዚህ ከልቤ አመሰግንሻለሁ።

በምን መንገድ እንደምትልኪ አልጻፍሽም፤ እኔም አልጠይቅሽም። ግን አሠራሩን እወቂው። በባንክ ስትልኪ ሪያሉ ዶላር ሆኖ እዚህ ይገባል፤ ለእናትሽ ብር ይከፈላታል፤ ዶላሩ ለመድኃኒት ወይም ለነዳጅ ይውላል። በሐዋላ ነጋዴ ስትልኪ ግን ሪያሉ እዚያው ይቀራል። እዚህ ያለው ተባባሪው ከኪሱ ብር ለእናትሽ ይሰጣል፤ እዚያ የቀረው ገንዘብ ደግሞ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ቀረጥ የሚከፈልበት ወይም ጭራሽ የማይከፈልበት ዕቃ ይገዛል። ምንዛሪው በእጥፍ በሚለያይበት ዘመን ለእናትሽ የተሻለውን መርጠሽ ከሆነ አልፈርድብሽም፤ የስንት ወር ልፋትሽ ነው። ዛሬ ልዩነቱ እንደዚያ አይደለም፤ ስለዚህ ባንኩን እንደገና ጠይቂ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። የኩላሊት እጥበት ማጣሪያ የሚያስመጡ አንድ ደንበኛ ነበሩኝ። መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ቅድሚያ የሚሰጠው ሆኖ ሳለ፣ እሠራበት የነበረው ባንክ ዶላር ስላልነበረው 7 ወር አመላልሰናቸዋል። በየሰኞው ይመጣሉ፤ ማመልከቻቸውን የያዘችው ሰማያዊ ማኅደር ጠርዟ አልቆ በፕላስተር ተለጥፋ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ምንም አይጠይቁኝም፤ መስኮቱ ጋር ቆመው ፊቴን ያዩኛል፤ እኔ ራሴን ስነቀንቅ እጅ ነሥተው ይወጣሉ። ቤቴ ስገባ የሚታየኝ ማሽኑ ላይ የሚተኙት ሰዎች ነበሩ። ኤልሲው የተከፈተ ዕለት የፈረምኩበትን እስክሪብቶ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ጥያቄ፦ የቻይና ጉምሩክ ለኢትዮጵያ ሸጥኩ የሚለውና እኛ ከቻይና ገዛን የምንለው ለምን አይገጥምም? አንዱ ይዋሻል ማለት ነው? (የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህር፣ የግድ ውሸት አይደለም። ሻጩ አገር ወጪ ዕቃውን የሚመዘግበው መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ዋጋ ነው፤ ገዢው አገር ደግሞ የማጓጓዣውንና የመድን ክፍያውን ጨምሮ ይመዘግባል። የእኛ ዕቃ ጅቡቲ ድረስ በባሕር መጥቶ ከዚያ በየብስ ስለሚቀጥል ይህ ጭማሪ ቀላል አይደለም፤ ወደብ ያላት አገር ከምትከፍለው ይበልጣል። በተጨማሪም የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ የእነሱ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጆቹ ነው፤ ግንቦት የተጫነ ዕቃ ሐምሌ ሲደርስ እኛ ዘንድ በሌላ ዓመት ይቆጠራል። በዱባይ ነጋዴ በኩል የተገዛም አለ። እነዚህ ሁሉ ተቀንሰው የሚቀር ልዩነት ካለ ግን ደረሰኝ ላይ ዋጋ የቀነሰ ወይም የጨመረ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ራሴ አዲስ የእጅ ስልክ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ተጽፎበት ሲመጣ አይቻለሁ። ለተማሪዎችዎ የሁለቱን አገሮች አኃዝ ጎን ለጎን አድርገው እንዲያነጻጽሩ ቢሰጧቸው ጥሩ ልምምድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በክፍል ውስጥ "የንግድ ጉድለት ያለባት አገር እየተዘረፈች ነው" በሚል ተከራክረን ነበር። እኔ በተቃዋሚው ወገን ሆኜ ተሸነፍኩ። ትክክል የነበርኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ? (ተማሪዋ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ ትክክል ነበርሽ፤ ማስረጃ አጥሮሽ ይሆናል እንጂ። አሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ የንግድ ጉድለት ያለባት አገር ናት፤ ተዘርፋ አላለቀችም። ይሁን እንጂ በእሷ ምሳሌ አትመኪ። እሷ ዕዳዋን የምትከፍለው ራሷ በምታትመው ገንዘብ ነው። እኛ የምንከፍለው ቡናና ሰሊጥ ሸጠን ባገኘነው የሰው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ጉድለት ከባድ ነው። ከባድ ነው ማለትና መዘረፍ ነው ማለት ግን ለየቅል ናቸው። ገበሬ ለዘር ቢበደርና ለድግስ ቢበደር በደብተሩ ላይ ያው ብድር ተብሎ ይጻፋል፤ መስከረም ላይ ማሳውን ሄደሽ ስታዪ ነው የሚለየው።

የሕዳሴውን ግድብ ተርባይኖች አስቢ። ከውጭ ተገዝተው በገቡበት ዓመት የንግድ ጉድለታችንን አስፍተውታል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በሌላ በኩል፣ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋው መስመር ከ2015 ጀምሮ ለኬንያ ኤሌክትሪክ እንሸጣለን፤ ይህ በወጪ ንግድ ይመዘገባል። መስመሩም በተሠራ ጊዜ ሽቦው፣ ማማው፣ መቀየሪያው ገቢ ዕቃ ነበር። የዚያን ዓመት ጉድለት ብቻ ቆርጦ ያየ ሰው አገሪቱ ከሰረች ይል ነበር።

ተቃራኒውንም እወቂ፤ ወጪ ንግድ ሲያድግ ሁሉ አትደሰቺ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋው ሸሚዝ 10 ዶላር ተሸጠ እንበል። ጨርቁ ከውጭ የመጣ ነው፤ ቁልፉም ክሩም እንዲሁ። ለእነሱ 7 ዶላር ወጥቶ ከሆነ ለእኛ የቀረው 3 ዶላር ነው፤ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ግን 10 ነው። ይህ የእኔ ምሳሌ ነው፤ ስሌቱን በሌላ ቁጥር ሞክሪው። የቡናው 10 ዶላር እና የሸሚዙ 10 ዶላር እኩል አለመሆናቸውን ለክርክር ጓደኞችሽ ብታሳዪ ኖሮ ታሸንፊ ነበር። ሸሚዙ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ሥራ የያዙት ልጆች ያንቺ እኩዮች ናቸው። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ የአጎዋን ዕድል (ዕቃችን ያለ ቀረጥ ገበያዋ የሚገባበትን) ስትነፍገን መጀመሪያ የደነገጡትም እነሱ ናቸው። ጨርቁ እዚሁ ቢሸመን ግን ከሰባቱ ብዙው እጃችን ላይ ይቀር ነበር።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ደግሞ ከዚህ የቀለለ ነገር ነው። ከሑመራና ከመተማ የሚመጣውን ሰሊጥ በጆንያ አድርገን ጥሬውን እንልካለን። ሰሊጥ የዘይት እህል ነው። ከዚያ በዶላሩ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የተገኘ የፓልም ዘይት እንገዛለን። ሁለቱም ሰነድ በአንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የዋለበት ጊዜ አለ፤ በቀኝ የሰሊጡ የመጫኛ ሰነድ፣ በግራ የዘይቱ ኤልሲ። ሰሊጥ ውድ፣ ፓልም ርካሽ ስለሆነ በሒሳብ ብቻ ካየነው ሽያጩም ግዢውም ትክክል ነው፤ ይህንን ለመምህርሽ ብትጠይቂው ይነግርሻል። ሆኖም ኑግ፣ ሱፍ፣ ጎመን ዘር በሚበቅልበት አገር መጭመቂያዎቻችን ጥሬ ዕቃ አጥተው ግማሽ ቀን ቆመው ሲውሉ ማየት ሒሳብ ብቻ ሆኖ አያልፍልኝም።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። ዛሬ ማታ እናትሽ ወጥ ስትሠራ ማድ ቤት ግቢና የዘይቱን ጀሪካን ገልብጠሽ የተመረተበትን አገር አንብቢ። እዚህ የተመረተ ከሆነም ጥሬ ዕቃው ከየት እንደ መጣ ፈልጊ። ከዚያ ክብሪቱን፣ የሳሙናውን መጠቅለያ፣ የአምፖሉን ካርቶን፣ የጫማሽን ምላስ እዪ። ደብተርሽን ለሁለት ከፍለሽ በአንድ በኩል የገዛነውን ጻፊ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ተመርቶ ከአገር ይወጣል የምትዪውን። ዝርዝሩን በአዘጋጆቹ በኩል ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው ወር ዓምድ አብረን እንመለከተዋለን።